የእግዜር ቤንዚን

አያ ደርበው የጭነት መኪናውን ከቆሰበር ሲያስነሳ ከገብስና ከድንች ጆንያ በላይ ሃያ ሦስት ገበያተኛ፣ ከጆንያው መካከል ደግሞ አንድ የታሰረ ጥቁር በግ ጭኖ ነበር። ገበያተኞቹ የሚወርዱት አዲስ ቅዳም ከተማ፣ ለቅዳሜ ገበያ ነው። በጉ ግን ከዚያ በፊት፣ መንገድ ላይ ባለው ቁልቁለት አፋፍ፣ እንዲወርድ ተፈርዶበታል።

ከሁለት ወር በፊት እንየው የሚባል ወጣት ሾፌር ከነመኪናው ተገልብጦ የሞተው በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮቹ ተሰብስበው መከሩ። ምክራቸውም «ገደሉ የሰው ደም ቀምሷል፤ ሳይለምድ የበግ እንስጠው» የሚል ሆነ። ጺሙ የሸበተ፣ ጦም የማይገድፍ፣ አገር ላገር የዞረ ወንድ ሁሉ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ከዚህ የተሻለ ማሰብ አልቻለም። ቢላዋውን ለአያ ደርበው ሰጡት፤ በዕድሜም በሥራም ታላቃቸው እሱ ነውና። እንየውንም መሪ ያስጨበጠው እሱ ነበር።

ዘመኑ ለሾፌር የከፋ ነበር። ከግንቦት መጨረሻ ወዲህ ዐረብና እስራኤል ተዋግተው ስዊዝ የሚባለው የመርከብ መተላለፊያ ተዘጋ አሉ፤ የቤንዚኑም ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ተሳፋሪው ደግሞ «ድንቼ ያው ድንች ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝና ለዐረብ ጠብ የምከፍል?» ብሎ ከድሮው ዋጋ ንቅንቅ አልል አለ። ሾፌሩ በላይኛውና በታችኛው ድንጋይ መካከል እንደ ገባ እህል ተፈጨ። ያን ጊዜ ነው የአያ ደርበው የቆየ ብልሃት እንደ መድኃኒት የተፈለገው። ቁልቁለት ሲደርሱ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መኪናውን በገዛ ክብደቱ መልቀቅ! «ቁልቁለት የእግዜር ቤንዚን ነው» ይል ነበር። አባባሉን ከቡሬ እስከ ዳንግላ ያለ ሾፌር ሁሉ እንደ ዳዊት ደገመው።

አፋፉ ላይ ደርሶ መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። ከጋቢናው ሲወርድ ከል የለበሰች ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አየ። ያለምወርቅ ነበረች፣ የእንየው ሚስት። ቤቷ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ፊት ለፊት ገጥሟት አያውቅም፤ ከሩቅ ባያት ቁጥር መንገድ የሚያስቀይር ጉዳይ ያገኝ ነበር።

«እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እግዜር ያጥናሽ።»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ደርበው። እርስዎስ ደኅና ነዎት?»

«ምን ደኅና አለ። ቤንዚኑ ገደለን እኮ።» ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ፈለገ።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ወዴት ነሽ? ጋቢና ላስገባሽ?»

«የትም አልሄድ። ምክራችሁን ሰምቼ በግ ልሸኝ ነው የመጣሁ።»

ከጆንያው ላይ ሙሉነሽ የተባለች የድንች ነጋዴ ጮኸች። «ኧረ አያ ደርበው፣ ገበያው ሊፈታ ነው! ወይ በጉን ይረዱት ወይ ይስጡኝና ልሽጠው!» ጥቂቶች ሳቁ። ከሏን ያዩት ግን በአገውኛ አንሾካሽከው ዝም አሰኟቸው።

አያ ደርበው በጉን በቀንዱ ይዞ አወረደ። ያለምወርቅ ከድንጋዩ አልተነሳችም።

«በጉ ምን አጠፋ?»

«ቦታው ክፉ ነው፣ ልጄ። አንቺ አታውቂውም። ይህ ገደል ባለቤት አለው።»

«እኔ በዚህ ገደል ውኃ ቀድቼበታለሁ፣ እንጨት ለቅሜበታለሁ። አህያው ይወርዳል፣ ከብቱ ይወርዳል፣ ቄሱ በበቅሎ ይወርዳሉ። ባለቤቱ አንዳችንንም ነክቶን አያውቅም። እንዴት ያለ ባለቤት ነው፣ ሞተሩን ያጠፋ ሰው ብቻ እየመረጠ የሚበላ?»

የአያ ደርበው እጅ በጉ ቀንድ ላይ ቀረ። «የእንየው ቀኑ ደርሶ ነው።»

ሰው የገዛ ስህተቱን ፊት ለፊት ማየት ሲፈራ ወይ በገደል ወይ በእግዜር ያሳብባል። ገደልም እግዜርም መልስ አይሰጡም፤ ስለዚህ ጥሩ ተከሳሾች ናቸው። ያለምወርቅ ግን መልስ ከሚሰጥ ሰው ዘንድ ሄዳ ነበር። ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ አንድ ቁልፍ አወጣች።

«ይህን ያውቁታል?»

«የእንየው መኪና ቁልፍ።»

«ስብርባሪውን ዳንግላ የወሰደውን መካኒክ በእግሬ ሄጄ ጠየቅሁት። ፍሬኑ ተበጥሶ ነው ወይ? አልተበጠሰም። ዘይቱ ፈስሶ ነው? አልፈሰሰም። ይህ ቁልፍ ግን ወደ መጥፊያው ዞሮ ነው የተገኘው። መካኒኩ ሦስት ጊዜ አስረዳኝ፤ እኔም እስኪገባኝ ሦስት ጊዜ ሞኝ ሆኜ ጠየቅሁ። የዚህ መኪና ፍሬን በእግር ጉልበት ብቻ የሚይዝ አይደለም። ሞተሩ ትንፋሽ እየሳበ ያግዘዋል። ሞተሩ ሲጠፋ አጋዡ ይሞታል። የቀረችው ትንፋሽ ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ርግጫ ነው። እረኞቹ እንዳዩት፣ እንየው አንደኛውን ከብት ሲገባበት ረገጠ። ሁለተኛውን ጠመዝማዛው ላይ ረገጠ። ከዚያ በኋላ የረገጠው ድንጋይ ነው።»

«የመካኒክ ወሬ!» አለ አያ ደርበው። ድምፁ ግን ከወትሮው አነሰ። «እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ሞተር አጥፍቼ ወርጃለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ!»

«አሮጌውን መኪናዎን ነበራ! ያ እንደ ጋሪ ቀላል፣ ፍሬኑም በእግር ብቻ የሚይዝ ነበር። ይህን ከገዙ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«...ሁለተኛ ዓመቴ።»

«ቤንዚን ሳይወደድ በዚህ በአዲሱ ስንት ቁልቁለት አጥፍተው ወረዱ?»

አያ ደርበው በልቡ ቆጠረ። ቤንዚን ርካሽ በነበረበት ጊዜ ብልሃቱ የጨዋታ ያህል ነበር፤ አንዳንዴ፣ ባዶውን ሲመለስ። ዘወትር፣ ከነጭነቱ የሆነው ከክረምቱ ወዲህ ነው።

«እኔን አይመኑ» አለች። «ሴት ነኝ፣ ፊደልም በምድጃ ዳር በራሴ የቆጠርሁ ነኝ። እግርዎን ይመኑ። ይግቡ፣ ሞተሩ እንደ ጠፋ ነው፣ ፍሬኑን ይርገጡ።»

ሊቆጣት ቃጣው። ግን ሃያ ሦስት ሰው ከላይ ሆኖ ያየዋል፤ እምቢ ማለት መፍራት ይሆንበታል። ገባና ረገጠ። ፔዳሉ ወረደ። «ይኸው!» አላት።

«ይድገሙት።»

ደገመው፤ ከበድ አለ። ሦስተኛውን ሲረግጥ ጉልበቱን አገዘ። አራተኛው ላይ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ደንድኖ ቀረ። ሁለት እግሩን አድርጎ፣ ጀርባውን በመቀመጫው አስደግፎ ገፋው። ድንጋይ ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሟል፤ እሱ ግን ቁልቁለቱን እየወረደ ነበር፤ ከፊቱም ያ ጠመዝማዛ ይመጣ ነበር።

«አሁን ሞተሩን ያስነሱ፣ እግርዎን ሳያነሱ።»

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ ፔዳሉም ከእግሩ ሥር በየዋህነት ወደ ታች ሰመጠ። ከላይ ያሉት ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም። ሙሉነሽ ግን የፊቱን መልክ አይታ «በስመ አብ!» አለች።

አያ ደርበው ሞተሩን አጥፍቶ ከጋቢናው ወረደ። «ያለሜ» አላት፤ «ለእንየው ያን ብልሃት ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ማታ ማታ ‹አያ ደርበው እንዲህ አሉኝ› እያለ ይነግረኝ ነበር። ለዚህም ነው ሌላ ሾፌር ያልጠበቅሁ። የእርስዎ አፍ ያስተማረውን የእኔ አፍ አይነቅለውም።»

«ታዲያ ምን እንብላ?» አለ፣ እንደ መማጸን። «ካልቆጠብሁ መኪናው ይቆማል። ስድስት ነፍስ አለብኝ።»

«ይቆጥቡ እንጂ! ማን አትቆጥቡ አለ? ዛሬ ጧት ቆሰበር ገበያ ላይ ሞተሩን ስንት ሰዓት አስጮኹት?»

«ሞተሩ ካልጮኸ፣ ክላክስ ካልተነፋ ሰው ይመጣል? ‹መኪናው ሊሄድ ነው› እንዲል ነው እንጂ።»

«የደሴም መኪና ጎንዎ ቆሞ ይጮኽ ነበር፤ የአድማሴም። ቀድመውዎ የወረዱት ገበያተኞች ነግረውኛል። ሦስታችሁ ግማሽ ቀን ተፎካክራችሁ ጮኻችሁ፣ ሦስታችሁም ሳትሞሉ ተነሣችሁ። ይህ ቁልቁለት የሚያተርፍልዎ ቤንዚን አንድ ጣሳ አይሞላም። ገበያ ላይ ለፉከራ ያቃጠሉትን ነው እዚህ በሰው ነፍስ የሚያስመልሱት። ተራ ይያዙ! አንዱ እስኪሞላ ሌላው ሞተሩን አጥፍቶ ይቀመጥ። ማጥፋት የሚገባው እዚያ ነው፣ ቆመው ሳሉ።»

«ሾፌር ተራ አይጠብቅም፤ ኩራት አለው።»

«እንየውም ኩራት ነበረው።»

ይህን ተናግራ ወዲያ ዞረች። አያ ደርበው በጉን አየው፣ ቢላዋውን አየው። ከዚያ በጉን አንሥቶ ወደ ላይ ወደ ሙሉነሽ አቀበለ። «ያዥልኝ። ለሰማንያው ተዝካር ይሆናል። ለገደል ሳይሆን ለእንየው ነፍስ።» ለያለምወርቅም የጋቢናውን በር ከፈተላት። «ግቢ፣ ልጄ። አብረን እንውረድ።»

መኪና ከተሳፈረች ቆይታለች፤ ልብሷን ሰብስባ ገባች። አያ ደርበው ሁለተኛ ማርሽ አግብቶ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሞተሩ አጓራ፤ ጭነቱን እየያዘ፣ እያንገራገረ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ጠመዝማዛው ላይ፣ የተፈነቀለው አፈር ገና ሣር ባላበቀለበት፣ ፍሬኑን አንዴ ረገጠ፤ ሁለቴ፤ ሦስቴ፤ አራቴ። አራተኛውም እንደ አንደኛው ታዘዘ። ያን ጊዜ አለቀሰ፣ ወንድ ልጅ በተሳፋሪ ፊት እንደማያለቅስ ረስቶ።

«የዚያን ቀን ምንም አልሰማሁም» አለች ያለምወርቅ፣ መንገዱን እያየች። «የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ለይቼ አውቅ ነበር። ለእግሩ ውኃ የማሞቀው ድምፁን ስሰማ ነው። ያን ቀን ዝም ብሎ መጣ። ከዝምታው ቀጥሎ የሰማሁት የመጨረሻውን ነው።»

በማግሥቱ እሑድ አያ ደርበው ከቅዳሴ በኋላ ሾፌሮቹን ሰብስቦ አንድ በአንድ ጋቢናው ውስጥ አስገባና የሞተውን ፍሬን አስረገጣቸው። ሲገቡ የሚስቁ ነበሩ፤ ሲወርዱ የሳቀ አልነበረም። «አባባሉ የእኔ ነው» አላቸው፤ «እንየውን የገደልሁት በዚህ አባባል ነው። ከእንግዲህ ‹የእግዜር ቤንዚን› ያለ መኪናዬ አጠገብ አይቁም።» የገበያ ተራም ያን ዕለት ተደለደለ። የተኮራረፈ አልጠፋም፤ ደሴ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሲጮኽ ሰነበተና ባዶውን መሄድ ሲሰለቸው ገባ።

ጥቅሙን ማንም ዓይን ያለው ያየዋል። መኪናው ሞልቶ ይነሣል፤ ገበያ ላይ ሦስት መኪና ይጮኽ የነበረው አሁን አንዱ ብቻ ስለሚጮኽ ቤንዚኑ ይተርፋል። ማርሽ ስለሚያግዘው የፍሬን ሸራ ቶሎ አያልቅም። ተሳፋሪውም ሰዓቱን ስላወቀ ገበያው ሳይፈታ ይደርሳል፤ ሙሉነሽ ራሷ በሳንቲም ጨምራ መክፈል ጀምራለች፤ እየተሳደበችም ቢሆን። ይህ ሁሉ ከግንቦት ጀምሮ ሊሆን ይችል ነበር። ገንዘብ አልጠየቀም፤ የአንዲት ሴት መጠየቅና የአንድ ወንድ መስማት ብቻ ነበር የጎደለው። ስለ ጎደለም ከቁልቁለቱ ግርጌ አንድ ቤት አባወራውን አጣ።

በዚያ ቤት ያለምወርቅ ዛሬም ትኖራለች። ቅዳሜ ጧት መኪኖቹ እያጓሩ ሲወርዱ ሥራዋን አቁማ ታዳምጣለች፤ የመጨረሻው እስኪያልፍ ድረስ። ሾፌሮቹ ያ ጩኸት ቤንዚን ሲቃጠል ነው፣ ውድ ነው ይላሉ። እሷ ግን የዝምታውን ዋጋ ታውቀዋለች።