በመያዣ ስለተያዘችው አሮጊት የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ ነብራ ዳውድ ኸይሪ
ዕድሜ፦ 44
አድራሻ፦ ሰሜን ሱዳን፣ ሰርኪን መንደር፣ ከወንዙ ምሥራቅ
ቀን፦ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2016
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን በክሪ ኡስማን

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው፣ ከጥንታዊው መቃብር ቁፋሮ መጋዘን አንድ ሣጥን አጥንት ጠፍቷል ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ሣጥኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ። አልጠፋም፤ ተይዟል።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄ ሞቶ ተወለደ። በመንደራችን ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን ከትልልቆቹ ጋር አይቀበርም፤ በእንስራ ተደርጎ ከአሮጌው ጉብታ ግርጌ ይቀበራል። እንስራውን የሠራችው አማቴ ነበረች። ከጉብታው ሥር የጥንት ሰዎች መኖራቸውን የሰማነው ቆፋሪዎቹ ከመጡ በኋላ ነው።

ባለፈው ጥር ያንን እንስራ አወጡት። ባለቤቴ ሳሊህ የቁፋሮው የቀን ሠራተኛ ስለሆነ በዓይኑ አይቶ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ቤት ሲገባ ስጠይቀው፣ "ብናገር ሥራው ይቆማል፤ መንደሩ ጦሙን ይደር? ደግሞ አንቺ ከዚያ ወዲህ ወልደሽ አሳድገሽ የለ እንዴ!" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አቀርብለታለሁ እንጂ አላናግረውም።

በማግስቱ ለቁፋሮው ኃላፊ ለዶክተር ሂሻም አመለከትኩ። "እናቴ፣ እንስራው በእጅ የተሠራ የጥንት ሥራ ነው፤ አምስት ሺህ ዓመት ይሆነዋል" አለኝ። "አማቴን ታዲያ ስንት ዓመት ሰጠሃት?" አልኩት። የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ምራቄን በጥጥ ወስዶ፣ ካርቱም ተመርምሮ አጥንቱ የልጅሽ ከሆነ ይነገርሻል አለኝ። ሰኞ ዕለት ልጄ በመኪና ተጭኖ ሄደ። መሄዱን የነገረኝ የለም።

በእኛ ዘንድ የሰው ፍየል ማሳህ ገብታ ባቄላህን ካጠፋች፣ ባለቤቷ ካሳ ይዞ እስኪመጣ አስረህ ታቆያታለህ። አትሸጣትም፣ አትመታትም፤ ውኃ ታጠጣታለህ። ይህ ስርቆት ተብሎ አያውቅም፤ ሳጅን በክሪም የዚሁ አገር ልጅ ስለሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ረቡዕ ቀን ዘበኛው ለሶላት ሲሄድ ገብቼ፣ ዶክተሩ ከሁሉም አብልጦ የሚሳሳላትን፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ጨሌ ያደረገችውን አሮጊት ከነሣጥኗ ወሰድኩ። ዳሌዋን መርምሮ ወላድ እንደነበረች አወቅሁ ብሎ ለመንደሩ ነግሮናል። የእሷን መውለድ ከአጥንቷ ያወቀ ሰው፣ የእኔን ከአፌ ሰምቶ አላመነም።

ዛሬ ጠዋት ዶክተሩ እዚህ ጣቢያ መጥቶ አለቀሰ። "እናቴ፣ እርጥበት ከነካት ታልቃለች። የት እንዳለች፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሪኝ" ብሎ ለመነኝ። "እኔስ ሌላ ምን ጠየቅሁህ?" አልኩት።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቼ፣ ሲነበብልኝም ሰምቼ እውነት ስለሆነ የጣት አሻራዬን አኑሬበታለሁ። ሣጥኑ ያለበትን ቦታ ግን ልጄ ሳይመለስ አልናገርም።

የቃል ሰጪ አሻራ ________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ________