ባለ አራት ሰው አግዳሚ

ለሚመለከተው ሁሉ፤ በጸሎት ቤቱ የምክር ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ እግሩን በታጠፈ ካርቶን ደግፎ በታማኝነት ያገለገለው ባለ አንድ ሰው ወንበር፣ ከዛሬ ስድስት ሰዓት ጀምሮ በክብር ጡረታ የወጣ መሆኑን፣ በምትኩም አራት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ የተሾመ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እናስታውቃለን።

ይህን ጽፎ በሩ ላይ የለጠፈው የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ የእህት ልጅ ነው። ሙያው ነርስ ነው። አግዳሚውን ከአናጢው ጋር ተሸክሞ ያስገባውም እሱ ነው። ቀልዱን ጻፈው እንጂ አልሳቀበትም፤ ባለፈው ሳምንት የአጎቱን የደም ግፊት ለክቶ ያየው ቁጥር ሳቁን ወስዶበታል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ሰው በረኛው ያደለውን የከሰዓት ተራ ቁጥር ይዞ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠነኛዋ የአንድ በያጅ ሚስት ናት። ባሏ ስምንት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባል፤ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ እንዲጸልይለት ለምኗል። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል።

ሽማግሌው ውሃ ጠጥተው ሲመለሱ አግዳሚውን አዩ። ሰፈሩ «አባባ ብቻዬን» ይላቸዋል፤ በፊታቸው ግን እንዲህ ሊል የሚደፍር የለም።

«ወንበሬስ?»

«ጡረታ ወጣ፣ አጎቴ።»

«እኔን ሳትጠይቅ?»

«ብጠይቅዎትማ እርስዎ ሳይወጡ እሱ ይወጣ ነበር?»

ሽማግሌው ያበጡ እግሮቻቸውን እየጎተቱ አግዳሚውን ዞሩት። «ከእኔ ጎን ማን ሊቀመጥ ነው?»

«ሸክሙን የሚካፈል ሰው። ጡረተኛዋ መምህርት የባልና ሚስት ጠብ ትስማ። አናጢው ሐዘንተኛ ያጽናና። በረኛው ደግሞ . . .»

«በረኛው! ስማ፣ የመርፌ ሊቅ፤ የሃምሳ ሎሚውን ተረት ልታመጣብኝ ከሆነ ከነሎሚህ ውጣልኝ። ቆሬን ታውቀዋለህ? እሱም እንዳንተ አፉ ማር ነበር። ‹ሕዝቡ ሁሉ ቅዱስ ነው፣ እናንተን ማን ከፍ አደረጋችሁ?› አለ። ምድር ዋጠችው!»

«ቆሬ የፈለገው ወንበሩን ነው። እኔ ወንበሩን አውጥቼ ጣልኩት።»

«ምላስህ!»

«ሙሴ እኮ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ አይቶት ‹ይህ መልካም አይደለም፤ አንተም ሕዝቡም ታልቃላችሁ› ብሎታል።»

«አማት የሚተቸው አያጣም።»

«ሙሴ ግን ሰማው። በኋላም ‹ብቻዬን መሸከም አልችልም፣ ከዚህስ ግደለኝ› ብሎ ጮኸ። ሰባ ረዳት ተሰጠው እንጂ ሰነፍ አልተባለም። እርስዎ ከሙሴ ይበረታሉ? ለሰው ሁሉ ሲጸልዩ፣ ለእርስዎ ማን ይጸልያል?»

ሽማግሌው ይህን እንዳልሰሙ ሆኑ። ሰው ሲያረጅ ጆሮው የሚደክመው እየመረጠ ነው።

«ዖዛስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታቦቱ ሲያዘነብል በቅን ልብ እጁን ሰደደ፤ እዚያው ቀረ። የማይገባው እጅ የተቀደሰውን ሲነካ እንዲህ ነው። ያንን ምስኪን በረኛ ልታስቀስፍብኝ ነው?»

 ነርሱ ሽማግሌው የሚፈሩት ለሥልጣናቸው ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ ለሰውየውም ፈርተዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ከሃምሳ ይላል። ይህን ጊዜ ከኮሪደሩ ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው በሩን በኃይል ከፈቱት።

በረኛው የተራ ቁጥሩን ጥራዝ በብብቱ ይዞ፣ በበያጁ ሚስት ፊት ተንበርክኮ ይጸልያል። ግራና ቀኝ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

በረኛው ዘሎ ተነሣ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ሲጠብቁ ያለቅሳሉ፤ ዝም ብዬ ማየት አቃተኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ . . . ሰባት ዓመት ወዲህ።»

«ሰባት ዓመት!» አለ ነርሱ። «ምድርም አልዋጠችው! ኤልዳድና ሞዳድ ሳይጠሩ ትንቢት ሲናገሩ፣ ‹ከልክላቸው› ላለው ሰው ሙሴ ምን መለሰለት? ‹ለእኔ ብለህ ትቀናለህ? ምነው ሕዝቡ ሁሉ ነቢይ በሆነ!›»

«ዖዛን መልስልኝ ነው ያልኩህ!»

«እኔ ልመልስልዎት፣ አባባ» አለች የበያጁ ሚስት፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ባሌ ቀለበትና ብረት ሥራው ስለሆነ ሁልጊዜ ይህን ያወራል። ታቦቱ አራት ቀለበትና ሁለት መሎጊያ ነበረው፤ ‹እግዚአብሔር አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሸከመው አድርጎ ያዘዘው ዕቃ ነው› ይላል። እነሱ ግን ከትከሻ አውርደው ሠረገላ ላይ ጫኑት። እንደታዘዘው በየመሎጊያው ጫፍ ሰው ገብቶበት ቢሆን፣ ዖዛ እጁን ለምን ይሰድ ነበር?» ቀጥላም «ሰባት ሰዓት ሆነ፣ አባባ» አለች።

ሽማግሌው የበሩን ጉበን ያዙ።  ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው በረኛው ላይ ወረወሩት።

«ልበሰው። በጥበቃ ልብስ ሆስፒታሉ አያስገባህም። ከእሷ ጋር ሂድ።»

«እኔ? ምን ብዬ ልጸልይ?»

«ሰባት ዓመት ምን ስትል ነበር? ሩጥ!»

የዚህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ጥቅሙ መዘርዘር አለበትና እንዘርዝረው። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ወረፋው ከቀትር በፊት ያልቃል። መምህርቷ ለወራት ሲንከባለል የነበረ የጎረቤት ጠብ በአንድ ቀን ጨርሳለች። አናጢው ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ስለሚችል ሐዘንተኛ ይወደዋል። ወደ ሽማግሌው የሚደርሰው ከባድ ከባዱ ብቻ ነው፤ የእግራቸው እብጠትም ጎድሏል። በያጁ ድኖ ለአግዳሚው የብረት እግር በይዶለታል፤ ካርቶን አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። በዚያ ቀን መምህርቷና አናጢው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቁጥር አንድን ሲጠሩ፣ ሽማግሌው በረኛው ጥሎት ከሄደው ጥራዝ ሃያ ቁጥርን ቀደው የኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቁጭ አሉ።

ነርሱ ሮጦ መጣ። «አጎቴ፣ የእርስዎ ቦታ እኮ ውስጥ ነው። እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«በረኛውን እጠብቃለሁ።»

«ምን ጉዳይ ኖሮዎት?»

«ሲመጣ ለእሱ እነግረዋለሁ።»

«ለእኔስ?»

«ላንተ አልናገርም።»