አይጥ አመጣች የተባለችው ጉጉት

ስንዴ ላስፈጭ ወደ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት በሄድኩበት ማለዳ መብራት ጠፍቶ ሞተሩ ቆሞ ነበር። ፈጣሪ አንዳንዴ ሰውን በሥራው መሐል የሚያስቀምጠው እንዲያዳምጥ ነው ብዬ ስለማምን አልተማረርኩም፤ ጆንያዬን አስደግፌ ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ።

ከፊቴ ግድግዳው ላይ መሰላል ቆሟል። ጫፉ ላይ ቆርቆሮ ሠሪው ምስማር በከንፈሩ ይዞ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ቀዳዳ ሊደፍን ተዘጋጅቷል። ባለወፍጮው ሽማግሌ ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ ከታች ይቆጣል። ጥየቃ የመጣችው የእህቱ ልጅ ደግሞ፣ የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፣ የመሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም ብላለች።

«ተነሺ ልጄ፤ ሰውዬው ሥራውን ይሥራ።»

«አጎቴ፣ መጀመሪያ ይስሙኝ። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የጉጉት ጫጩቶች አሉ። ከደፈኑት ይሞታሉ።»

«ታዲያ ይሙቱ! ጉጉት ምን በጎ ነገር አላት? እሷ ከመጣች ወዲህ ነው ቤቴ በአይጥ የተወረረው። ትናንት ዳቦ ጋጋሪው ከዱቄቱ ውስጥ የአይጥ ጠጉር አግኝቶ ጆንያውን መለሰልኝ። ‹አንድ ጊዜ ይደገምና ሌላ ወፍጮ እፈልጋለሁ› አለኝ። እሱ ከሄደ ይኼ ቤት በማን ይቆማል? ቀዳዳውን እደፍናለሁ፣ በየጥጉ መርዝ እበትናለሁ፣ እገላገላለሁ!»

ቆርቆሮ ሠሪው ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «እኔ እንደ ጉጉቷ ክንፍ የለኝም፤ ወይ ልምታ ወይ ልውረድ» አለ።

«ትንሽ ይታገሱን፣ ወንድሜ» አለችው መምህርቷ በትሕትና።

«የጉጉት ጠበቃ እንድትሆኚ ነው ያስተማርንሽ?» አለ ሽማግሌው። ቁጣው ከክፋት አልነበረም። እንጀራው ሲነካ የደነገጠ ሰው ከአጠገቡ ያገኘውን ይከሳል።

«እሺ፣ ጠበቃ ነኝ፤ ጠበቃ ደግሞ ይጠይቃል። ድመትዎ የት ሄደች?»

«ሞተች እንጂ! ታውቂ የለ?»

«በምን?»

«ባለፈው በበተንኩት መርዝ ነዋ። እሷ እንኳ መርዙን አልቀመሰችም፤ መርዝ የበላ አይጥ በልታ ነው።»

«ያን ጊዜ ጉጉቷ እዚህ ነበረች?»

ሽማግሌው ወደ ቀዳዳው ቀና ብሎ አየ። «አልነበረችም።»

«አይጡስ መቼ በዛ?»

«ድመቷ ከሞተች በኋላ… ትንሽ ሰንብቶ።»

«ጉጉቷስ?»

«አይጡ ከፈላ በኋላ» አለ ቀስ ብሎ። ያለውን ከሌላ ሰው አፍ እንደሰማ ሁሉ ፊቱ ተለወጠ።

«እንግዲህ ራስዎ ፈረዱ። ጉጉቷ አይጥ አላመጣችም፤ አይጡ ነው ጉጉቷን ያመጣት። ሐኪም ከታመመ ሰው ቤት ሲገባ ብናይ በሽታውን እሱ አመጣው እንላለን?»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!» አለ ቆርቆሮ ሠሪው ከላይ።

«አንተ ዝም በል፤ የተከፈለህ ለመምታት ነው» አለ ሽማግሌው። ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «እሺ፣ አይጡን አላመጣች ይሁን። ጉጉት ስትጮህ ሰው ይሞታል መባሉስ? አባቶቻችን ዝም ብለው አላሉትም።»

«ጋሼ፣ ባለፈው ሰሞን በእኛ ጣሪያ ላይ ስትጮህ አማቴ ታመው ተኝተው ነበር። አለቀላቸው ብዬ ሳዝን በማግስቱ ተነስተው ሰደቡኝ!» አለ ቆርቆሮ ሠሪው።

ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌውም ሳያስበው ሳቀና ዱቄቱ ከቅንድቡ ረገፈ።

መምህርቷ በዚያ ሳቅ መሐል ተነስታ ከቀዳዳው ሥር ካለው መሬት ድብልብል ያለ፣ አመድማ ነገር አነሳች። አግዳሚው ወንበር ላይ ወረቀት ዘርግታ በእንጨት ፈለቀቀችው። ጠጉር ወጣ፤ ቀጫጭን አጥንቶች ወጡ፤ በመጨረሻም ሁለት ረጃጅም ቢጫ ጥርሶች ያሉት መንጋጋ።

«ጉጉት አጥንትና ጠጉር ሆዷ አይፈጭላትም፤ ጠቅልላ በአፏ ትተፋዋለች» አለች።

ሽማግሌው መንጋጋውን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን አዞረው። «ይኼ ጆንያዬን የሚቀደው ጥርስ ነው» አለ።

«አዎ። ፍጥረት የተያያዘ ነው፣ አጎቴ። ስንዴው ከፀሐይ፣ ከውሃና ከአፈር ይበቅላል። አይጥ ስንዴውን ይበላል፤ ድመትና ጉጉት አይጡን ይበላሉ። ሁሉም ሲሞት አፈር ሆኖ ለስንዴው ይተርፋል። መርዙ ግን አይጡ ላይ አይቆምም፤ ከተበላው ወደ በላው ይሄዳል። አይጥ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይወልዳል፤ ድመትና ጉጉት ዝግ ይላሉ። ስለዚህ ከመርዙ በኋላ ቀድሞ የሚመለሰው አይጡ ነው፤ ያውም ጠላቱ ወደሌለበት ቤት።»

«ታዲያ ይቺ ጉጉት ብቻዋን ትጨርስልኛለች?»

«አትጨርስም፤ አልዋሽዎትም። እሷ ስትይዝ እርስዎ ይቀልባሉ።»

«እኔ? አይጥ ቀላቢ?»

በተከፈተው በር የቤቱን ውስጥ በጣቷ አሳየችው። የተፈጨው ከሚወርድበት ቋት ሥር ዱቄት ተከምሯል። ጆንያዎቹ መሬት ላይ ተጋድመዋል። በበሩ ሥር እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«ማንኛውም ፍጡር ምግብና መጠለያ ባገኘ መጠን ይበዛል። ማታ ሲዘጉ ዱቄቱን ይጥረጉ፤ ጆንያዎቹን በእንጨት ላይ ከፍ ያድርጓቸው። ቆርቆሮውም ሥራ አያጣም፤ ከላይ ሳይሆን ከታች፣ በበሩ ሥር ይመታ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በእጁ ለካ። በዚያው ቅጽበት ከቀዳዳው ውስጥ የተራቡ ጫጩቶች ሲንሿሹ ተሰማ። እኔም ሁሉን በጥበብ የሠራ አምላክ ሥራ ፈት ፍጥረት አልፈጠረም ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። መምህርቷ ተመልሳ መሰላሉ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ተነሺ» አላት አጎቷ።

ፊቷ ጠቆረ።

«ተነሺ እንጂ፤ ሰውዬው ይውረድ! በሩን የሚሠራው ማን ነው?»

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ለውጡን አየሁ። የቋቱ ሥር ተጠርጓል፤ ጆንያዎቹ እንደ ባለሥልጣን ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ይባክን የነበረው ዱቄት ተረፈ፤ የሚቀደደው ጆንያ ቀነሰ፤ መርዝ እንዳይነኩ ሲባሉ የነበሩ የጎረቤት ልጆችም ያለ ሥጋት ደጁ ላይ ይጫወታሉ። አይጥ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ልኩን አወቀ። ይህን ያየ ሰው አንድን ፍጥረት ከማጥፋቱ በፊት የሚይዘውን ሥራ ይጠይቅ፤ ጥፋቱንም ከሌላው ቤት ሳይሆን በቅድሚያ ከራሱ ወለል ላይ ይፈልግ።

ዳቦ ጋጋሪው በመጨረሻ የመጣ ዕለትም ነበርኩ። ወንፊቱን ይዞ መጥቶ በሽማግሌው ፊት ዱቄቱን ነፋው፤ ደገመውም። ነጭ ዱቄት ብቻ ወረደ። ሽማግሌው ወንፊቱ ላይ አጎንብሶ ያያል።

«የሚመጣውንም እዚሁ ፍጭልኝ» አለ ጋጋሪው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነት ለመናገር እኔም ዳቦ ቤት አይጥ አስቸግሮኛል። የተጠቀምክበት መርዝ ምን ዓይነት ነው?»

ባለወፍጮው ሳቁን ሊይዝ አልቻለም። «መርዝ አይደለም፣ ጎረቤት ናት» አለው። «ግን እሷን ከመመኘትህ በፊት ሄደህ ወለልህን ጥረግ።»