በእጅ የተመዘነው ፓወር ሰፕላይ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም፤ ከመርካቶ በተነሳ ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ለኮምፒውተር ኃይል የሚሰጠውን ሣጥን፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ፣ አቅፎ አጠገቡ ለተቀመጠች የኮምፒውተር ጠጋኝ ያወራል።

«ኮምፒውተሬን ከተሠራችበት ፍጥነት በላይ አስሮጥኳት፤ ስትበር ብታዪያት! ግን የሰርግ ቪዲዮ ስሠራባት ድርግም ትላለች። ቪዲዮው ደግሞ ነገ መልስ ላይ ነው የሚታየው!»

«ኃይል አንሷት ነዋ!»

«ለዚህ ነው ይሄን የገዛሁት። ከባዱ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ የሱቁን ሁሉ በእጄ መዝኜ ከባዱን መረጥኩ።»

«በግ አደረግከው እንዴ? እስቲ በአየር ማስገቢያ ቀዳዳው ውስጡን ልየው… ወንድሜ፣ ይሄ ሲሚንቶ ነው!»

«ሲሚንቶ?»

«እንዲከብድ ነዋ የጨመሩበት!»

«ወይኔ ጉዴ! ሙሽሮቹ ይገድሉኛል!»

«ተነስ፣ ሱቁ ሳይዘጋ እናስለውጠው። ውስጡን አይቼ እኔ እመርጥልሃለሁ።»

«ለነገ እደርሳለሁ?»

«ትደርሳለህ! ወራጅ አለ!»

ወርደው ሲሮጡ እያየሁ፣ ድሮ በርበሬ በረንዳ የጆንያውን ሥር ሳላይ እንዳልገዛ ያስተማሩኝን እትዬ ዘይነባን በልቤ አመሰገንኩ።