ሐሙስ ሐሙስ የምትዋጥ ኪኒን

በ2006 ዓመተ ምሕረት ጥር ወር፣ በዓረብ አገር ጂዛን አጠገብ በአሐድ አል-መሳርሐ፣ በማጸዳበት የመንግሥት ጤና ጣቢያ በር ላይ ጋሽ ሁዛይፋን አገኘኋቸው። ሚስታቸው ከሪማ የአምስት ወር ልጇን ታቅፋለች። እሱን ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሐኪሙ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ብታረግዝ ለሕይወቷ ያሰጋታል ሲል ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ።

ልጁ አስሎት ነው የመጡት። እግረ መንገዳችሁን ወሊድ መከላከያ ክፍል ጎራ በሉ ብላቸው ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ኸላስ፣ ተወኝ ታፈሰ። ይሄንንም ያረገዘችው ኪኒኑን እየዋጠች ነው። ውሸት ነው።»

አወሳሰዷን ጠየቅኋቸው። እሳቸው ራቅ ብሎ ባለው በአል-ዓሪዳ ፍየል ጠባቂ ናቸው፤ ቤት የሚመጡት ሐሙስ ማታ ብቻ ነው። ለካስ ከፋርማሲ የገዙትን ኪኒን ከመኖሪያ ፈቃዳቸው ከኢቃማው ጋር በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ ሐሙስ ሲመጡ አንዷን ፈልቅቀው ይሰጧታል።

«እኔ በሌለሁበት ቀን ምን ይሠራላታል? ማባከን ነው» አሉኝ፤ ደግሞ በብልሃታቸው ኮርተው።

ራሴን ያዝኩ። በነጻ የሚያስረዳ ባለሙያ እዚሁ ጤና ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ እያለ! ንዴቴን እንደምንም ዋጥ አድርጌ መለስኩላቸው።

«ጋሽ ሁዛይፋ፣ እርስዎ ኖሩም አልኖሩም በየቀኑ ካልተዋጠ አይሠራም። ለምታጠባ እናት የሚስማማውም ሌላ ዓይነት ነው።»

«ማህፀን ያደርቃል ይባላል።»

«ሲተዉት መልሶ ይወለዳል። ከሪማ ብትሞትብዎ ግን አራቱን ልጆች ማን ያሳድጋል?»

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ከሪማ ያኔ አንገቷን ደፍታ፣ ሰሞኑን እንደሚያቅለሸልሻት፣ ፈርታም እንዳልተናገረች ነገረችን። ጋሽ ሁዛይፋ ኢቃማቸውን አውጥተው ቀድመውን ገቡ።

ነርሷ ኸይሪያ ሽንቷን መረመረች። እርጉዝ አይደለችም። ጋሽ ሁዛይፋ አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። «ወላሂ፣ ባለማወቅ ልገድላት ነበር» አሉ።

ኸይሪያ በየቀኑ የሚዋጠውንም በየሦስት ወሩ የሚወጋውንም አሳየች። ወሊድ ሲራራቅ እናት ደሟ ይመለሳል፣ ሕፃኑ ወተቱን ይጠግባል፣ ለትልልቆቹም ጊዜ ይተርፋል እያለች ስታስረዳ እኔ አስተረጎምኩ። ከዚያ የትኛውን እንደሚፈልጉ ባልየውን ጠየቀቻቸው።

«እሷን ጠይቋት» አሉ።

ከሪማ መርፌውን መረጠች። ክንዷን እያጋለጠች ልጇን ቁልቁል አየችው።

«ሌሎቹን በእርግዝና ምክንያት በሰባት በስምንት ወራቸው ነው ጡት ያስጣልኳቸው» አለች። «ይሄን ሁለት ዓመት ላጥባው።»