የጠፋው የሐይቅ ዳር መብራት

እንደዚያን ቀን በእናቴ አፍሬ አላውቅም። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት ሞልቶታል፤ ደብዳቤም የለ። እስቲ ትንሽ ይቅለላት ብለን ከደብረ ታቦር ጣና ዳር ወሰድናት። የጉና ሰው ናትና ሐይቅ አይታ አታውቅም። ጣሊያን የሠራውን የመብራት ማማ ስታይ ቤተ ክርስቲያን መስሏት ጫማዋን አውልቃ ግንቡን ተሳለመች። ለሽርሽር የመጣው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ተይ እንጂ! የጣሊያን ግንብ ነው» ሲል አባቴ ተቆጣት።

የማማው ሽማግሌ ጠባቂ ግን «እህቴ፣ ይህ መብራት ማታ ማታ እየበራ የራቀውን ታንኳ ወደ ዳር ይመልስ ነበር፤ ከጠፋ ግን ቆየ» አሏት።

«የሄደ የሚመልስ ከሆነማ ይብራ!» አለችና ለገዳም ብላ የያዘችውን ጧፍ አውጥታ ከግንቡ ሥር ለኮሰችው። ነፋሱ ሊያጠፋባት ሲል አባቴ ጋቢውን ዘርግቶ ከለለላት።

እኔም ቀስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።