ለሣጥኑ ያጨበጨብኩ ዕለት

ደስዬ፣ እንዴት አደርሽ? ልጆቹ ደህና? ይኼ ቦኖ ዛሬም ጠብ ጠብ ነው... ጀሪካንሽን ጠጋ አድርጊው፣ ለኋላ ሰው መንገድ እንተው። ከኋላችን የተሰለፈው ትልቅ ሰው ነው፤ ይቅደሙ እንጂ!

የእሑዱን ጉዴን ሰማሽ አይደል? እኔ ሸዋገነት፣ የአራት ልጆች እናት፣ ቀበሌ አዳራሽ ለልጆች በመጣ ፊልም ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ! ምን ላድርግ፣ እነዚያ ሕፃናት ከዛፍ ሥር ተነሥተው እርምጃ እየቆጠሩ፣ ቆፍረው ቆፍረው የወርቁን ሣጥን ሲያገኙት አንጀቴን በሉት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔማ ለማላውቀው የፈረንጅ ልጅ ነጠላዬን አራስኩት። እንዲህ ያለ ጅል አይተሽ ታውቂያለሽ?

ደግነቱ የነቃ ሰው አይጠፋም። ፊልሙ ሲያልቅ የውይይቱ መሪ ተነሥቶ ሂስ ሰጠ... ኧረ ምን ዓይነት ሂስ! «የወርቅ ጥማት የከበርቴ በሽታ ነው፣ ልጆቻችንን ይመርዛል» አለ! እኔንም መድረክ ላይ አውጥቶ ግለሂስ አስደረገኝ። «ጓዶች፣ እጄ ንቃት ስለሚጎድለው አጨበጨበ» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? የእሑድ ፊልም በዚያው ቀረ። ልጆቼ ዛሬም የአዳራሹ በር ላይ ሄደው ይቀመጣሉ... ግን ለነሱ ተብሎ አይደል?

ብቻ ዓይኔም እንደ እጄ ንቃት የለውም መሰለኝ። ማክሰኞ ጭራሮ ልለቅም እንጦጦ ብወጣ፣ ከቁስቋም በላይ አንድ መድረክ ላይ ያየሁት የመሰለኝ ሰው ከትልቁ ባሕር ዛፍ ሥር ተነሥቶ እርምጃ ይቆጥራል... ቆም ይላል... ዶማውን ያነሣል! ጣልያን ወርቅ ቀብሮ ሄዷል የሚሉትን ወሬ የተማረ ሰው ያምናል እንዴ? ችግኝ ሊተክል ነው እንጂ። ችግኙን ቤቱ ረስቶት ይሆናል። እኔ መሃይሟ ፊልሙን ተረት ነው ብዬ አይቼ ወጣሁ፤ ለካ የገባው ሰው ትምህርት ይቀስምበታል!

ውይ፣ ከኋላ ምነው ሳል በዛ? የእንጦጦ ብርድ እኮ ክፉ ነው። ይቅደሙ ብዬ ነበር፤ ጫማ ላይ የደረቀ ጭቃ ካልታጠበ አይለቅም።

ለማንኛውም የዚያን ሰው ልፋት አምላክ ይቁጠርለት። ሣጥኑን ያግኝ! ሲያገኘውም የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከብበው ያጨብጭቡለት፤ ለግለሂሱም መድረክ አያሳጣው። እኔ ከፊት ተቀምጬ ነጠላዬ እስኪርስ አለቅስለታለሁ። አሜን በይ እንጂ፣ ደስዬ!